ኖዝል ሲቆሽሽ ኪስ ይሳሳል

የሐይቅና የአምባሰል የቤት አውቶሞቢል ባለቤቶች ሊያውቁት የሚገባ

በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ የአዲስ አበባ የቤንዚን መሸጫ ዋጋ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆኖ ተተምኖ ነበር፡፡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፡፡ ዋጋው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የቤት አውቶሞቢል ባለቤቶች ቀድሞ ችላ ይሉት የነበረውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀምረዋል፡፡ ይኸውም መኪናው የሚጠጣው ነዳጅ በእርግጥ ሥራ ላይ እየዋለ ነው ወይስ በማርሚታ በኩል እየወጣ ነው የሚለው ነው፡፡

ጥያቄውን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፡፡ በመሆኑም ዛሬ በሐይቅ፣ በውጫሌ ወይም በደሴ አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ቤተሰብ ያንኑ መኪና ጠግኖ ለብዙ ዓመት ከማቆየት ሌላ ቀላል ምርጫ የለውም፡፡ በዚህ የማቆየት ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚዘነጉት ዕቃዎች አንዱ በጋራዥ ቋንቋ ኖዝል፣ በፋብሪካው መጽሐፍ ኢንጀክተር የሚባለው ነዳጅ ረጪ ነው፡፡

ኖዝል ምን ይሠራል?

ቀድሞ ከነበሩት የላዳና የኮሮላ ዲኤክስ አውቶሞቢሎች ጋር የኖረ ሰው የሚያውቀው ካርቡራተርን ነው፡፡ ካርቡራተር አየር ሲሳብ ቤንዚን አብሮ እንዲሳብ የሚያደርግ ዕቃ ሲሆን፣ ሲቆሽሽም ፈቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ በአየር ነፍቶ መመለስ ይቻል ነበር፡፡ ኖዝል ያለው ሞተር ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፡፡ በሰልባትዮው ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ወደ ሞተሩ ይልካል፡፡ የመኪናው ኮምፒዩተር የአየሩን መጠን፣ የሞተሩን ሙቀትና የነዳጅ መስጫውን አረጋገጥ አይቶ እያንዳንዱ ኖዝል ለስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል፡፡ ያም ጊዜ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፡፡ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ኖዝሉ ተከፍቶ የሚቆየው ሁለትና ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፡፡

ኖዝሉ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጥቅልልና መርፌ አለው፡፡ ኮረንቲ ሲደርሰው መርፌው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛው አካባቢ ብቻ ከፍ ይልና ቤንዚኑ እንደ ጉም ተበትኖ ይወጣል፡፡ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ኖዝል በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል፡፡ ከሐይቅ ደሴ የሚደርስ መኪና በዚሁ ዙር 45 ደቂቃ ቢጓዝ አንዱ ኖዝል ብቻ 67,500 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው፡፡ ይህን ያህል በሚሠራና ቀዳዳው ይህን ያህል በጠበበ ዕቃ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ትልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ለዚህ ነው፡፡

የናፍጣ መኪኖች ነገር ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነው፡፡ በቆዩት ሚኒባሶችና ፒክአፖች ላይ ያለው ኖዝል የሚከፈተው ከ100 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ነው፡፡ ኮመን ሬል የሚባሉት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ግን ከ1,000 ባር በላይ ይሠራሉ፡፡ በቤንዚን መኪና ላይ የሚያንቀጠቅጥ ብቻ የነበረ ቆሻሻ በእነዚህ ላይ ፖምፓውንም ኖዝሉንም ባንድ ጊዜ ሊያበላሽ ይችላል፡፡

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ሞተሩ ራሱ ነው፡፡ መኪናው ሲጠፋ በኖዝሉ ጫፍ ላይ የቀረችው የቤንዚን ጠብታ በሞተሩ ሙቀት ትደርቅና ቅባት መሰል ልጣፍ ትተዋለች፡፡ ይህ በየቀኑ ደጋግሞ ሲሆን ልጣፉ እየወፈረ ይሄዳል፡፡ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ትምህርት ቤት እየተባለ በአጫጭር ጉዞ ብቻ የሚውል መኪና ደጋግሞ ስለሚነሳና ስለሚጠፋ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል፡፡

ሁለተኛው ምንጭ የነዳጁ አያያዝ ነው፡፡ በማደያ ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ በየመንደሩ በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ብቅ ይላል፡፡ ጀሪካኑ ቀድሞ ዘይት፣ ውኃ ወይም ሌላ ነገር የተያዘበት ሊሆን ይችላል፡፡ አቧራም ይገባበታል፡፡ ከዚህም በላይ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፡፡ ነጭ ጋዝ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ሞተሩ በዳገት ላይ እንዲያንኳኳና ቃጠሎው እንዲበላሽ ያደርጋል፡፡ ናፍጣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ፖምፓውና ኖዝሉ ከናፍጣው የሚያገኙትን ቅባትነት ይቀንስና እርስ በርስ እንዲፋጩ ያደርጋቸዋል፡፡ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ሕገወጥ የነዳጅ ንግድን በጠበቀ ቅጣት እንደሚከለክልም መታወስ አለበት፡፡

ሦስተኛው ቆሞ መክረም ነው፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰበት ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ በነበረው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ወቅቶች መኪናውን አቁሞ ያከረመ ባለቤት ችግሩን በዓይኑ አይቶታል፡፡ ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል፡፡ ይህ ሙጫ መርፌውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል፡፡ በግማሽ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ ደግሞ ሌሊትና ቀን በሚለዋወጠው ሙቀት የተነሳ እንፋሎት ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ውኃውም ዝገት ያመጣል፡፡

አራተኛው አቧራ ነው፡፡ ከዋናው የደሴ ወልድያ አስፋልት ወጥቶ ወደ አምባሰል የገጠር ቀበሌዎች በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና የአየር ፊልትሮውም የነዳጅ ፊልትሮውም ከፋብሪካው ከተሰጠው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል፡፡

አንዱ ሲታመም ሦስቱ ዕዳ ይከፍላሉ

የቆሸሸ ኖዝል ቤንዚን ስለሚቀንስ ፍጆታው መቀነስ አልነበረበትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፡፡ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንዱ ኖዝል ተደፍኖ ቤንዚን ሲያንሰው፣ በማርሚታው መንገድ ላይ ያለው የኦክሲጅን መለኪያ የአራቱን ጢስ ባንድነት ስለሚያይ ‹ነዳጅ አንሷል› የሚል መልዕክት ለኮምፒዩተሩ ይልካል፡፡ ኮምፒዩተሩም የትኛው ኖዝል እንደታመመ ስለማያውቅ ለአራቱም ይጨምራል፡፡ የታመመው አሁንም አይጠግብም፤ ጤነኞቹ ሦስቱ ግን ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይጠጣሉ፡፡ አሽከርካሪው ደግሞ ጉልበት ስላጣ የነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ይረግጣል፡፡ ወጪው በሁለት በኩል ያድጋል፡፡

በሒሳብ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፡፡ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጤነኛ መኪና ለዚህ 5 ሊትር ይበቃዋል፡፡ ኖዝሉ ቆሽሾ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ከሆነ 6 ሊትር ይፈጃል፡፡ ልዩነቱ አንድ ሊትር ነው፡፡ ከላይ በተጠቀሰው የታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዋጋ ቢታሰብ በወር 20 ጊዜ የሚመላለስ ሰው 2,029 ብር ከ40 ሳንቲም ያለ ጥቅም ያቃጥላል፡፡ በዓመት 24 ሺሕ ብር ያልፋል፡፡

ተቃራኒው ችግርም አለ፡፡ መርፌው በሚገባ ሳይዘጋ ቀርቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል መኪናው ከጠፋ በኋላም ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ያፈሳል፡፡ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ወደ ዘይት መያዣውም ይወርዳል፡፡ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ የዘይቱ መጠንም ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ጉዳዩ የወጪ ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያሳጣ ነው፡፡

ምልክቶቹ

የኖዝል ችግር ያለበት መኪና ብዙውን ጊዜ ጠዋት በአንድ ቁልፍ አይነሳም፡፡ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፡፡ ነዳጅ ሲሰጡት ለቅጽበት ታንቆ ከዚያ ይወረወራል፡፡ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፡፡ ጢሱ የቤንዚን ሽታ ይኖረዋል፤ በናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ ጥቁር ጢስና የማንኳኳት ድምፅ ይታያል፡፡ ‹ቼክ ኢንጂን› የሚባለው ቢጫ መብራትም ሊበራ ይችላል፡፡

እዚህ ላይ የአገሩን አቀማመጥ ማስታወስ ያስፈልጋል፡፡ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፡፡ በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፡፡ ኮምፒዩተር ያለው መኪና የአየሩን ማነስ ለክቶ ቤንዚኑንም ስለሚቀንስ ጢስ አያበዛም፤ ጉልበቱ ግን አይመለስም፡፡ በመሆኑም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው ዳገት ላይ መኪናው ስለከበደው ብቻ ኖዝል ነው ብሎ መደምደም አይገባም፡፡ መታየት ያለበት ያው መኪና በዚያው ዳገት ላይ ካምናው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደደከመ ነው፡፡

ከርካሹ መጀመር

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ሁሉ የኖዝል ብቻ አይደሉም፡፡ ያረጀ ካንዴላ፣ የተበላሸ ኮይል፣ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ ፖምፓ ወይም በጎን አየር የሚስብ የላስቲክ ቱቦ ያንኑ ጠባይ ያሳያል፡፡ ባለቤቱ ገንዘቡን የሚያጣው ካንዴላ መቀየር በሚበቃበት ቦታ አራት ኖዝል ሲገዛ ነው፡፡

ጥሩ መካኒክ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ይታወቃል፡፡ በመጀመሪያ ነዳጁ ከየት እንደተቀዳ ይጠይቃል፡፡ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ፈቶ ያያል፡፡ ሞተሩ እየሠራ ረጅም ካቻቪቴ ኖዝሉ ላይ አሳርፎ መያዣውን ጆሮው ላይ በማድረግ ድምፁን ያዳምጣል፡፡ የሚሠራ ኖዝል ቶሎ ቶሎ የሚል የመምታት ድምፅ አለው፤ ዝም ያለው ተጠርጣሪ ነው፡፡ ከዚያ የኖዝሎቹን የኤሌክትሪክ ሶኬት በየተራ ይነቅላል፡፡ ሲነቀል የሞተሩ ዙር የሚወርድ ከሆነ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ለውጥ ከሌለ ግን ችግሩ እዚያው ነው፡፡ በመጨረሻም የጥቅልሉን ኦም ይለካል፡፡ በብዙዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ይገኛል፡፡ ከሌሎቹ ሦስት በጣም የተለየ ንባብ ያሳየ ኖዝል በማጠብ የሚድን አይደለም፡፡

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ርካሽ ዘዴ አለ፡፡ የተጠረጠረውን ኖዝል ከጤነኛው ጋር ቦታ ማለዋወጥ ነው፡፡ ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ወደ ሌላው ሲሊንደር ከተዛወረ ጥፋተኛው ኖዝሉ ነው፡፡ በቦታው ከቀረ ግን ካንዴላውን፣ ኮይሉን ወይም የሞተሩን ኮምፕሬሽን ማየት ይገባል፡፡

እጥበቱና ገበያው

የኖዝል እጥበት ሦስት ዓይነት ነው፡፡ የመጀመሪያው ሰልባትዮ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ነው፡፡ ቀላል ልጣፍ ላለበት መኪና ሊረዳ ይችላል፤ የተደፈነውን ግን አይከፍትም፡፡ ሁለተኛው ኖዝሉ ሳይፈታ የጽዳት ፈሳሽን በግፊት በነዳጁ መስመር አስገብቶ ሞተሩን በዚያው ማሠራት ነው፡፡ ሦስተኛውና አስተማማኙ ኖዝሎቹን ፈትቶ በአልትራሳውንድ ገንዳ አጥቦ በመለኪያ ማሽን ላይ መፈተሽ ነው፡፡

የመለኪያ ማሽኑ ለደንበኛው የሚጠቅመው ሥራው በዓይን ስለሚታይ ነው፡፡ አራቱ ኖዝሎች በእኩል ጊዜ በአራት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ይረጫሉ፡፡ ለምሳሌ ሦስቱ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ሞልተው አንዱ 38 ላይ ከቀረ የታመመው የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያየዋል፡፡ አረጫጨቱም ይታያል፤ ጉም መሆን የሚገባው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከወረደ ቀዳዳው አልጸዳም፡፡ ከእጥበት በኋላ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ አምስት ገደማ ካልበለጠ ሥራው ጥሩ ነው፡፡ ከዚያም ኮረንቲ ሳይሰጥ በግፊት ብቻ ተይዞ እንዳያንጠባጥብ ይታያል፡፡

ስለዚህ ይህን አገልግሎት ፍለጋ እስከ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚጓዝ ባለመኪና ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፡፡ አንደኛ፣ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በዓይኑ ማየት፡፡ ሁለተኛ፣ የላስቲክ ቀለበቶቹና በኖዝሉ አናት ውስጥ ያለችው ትንሽ ፊልትሮ አብረው መቀየራቸውን ማረጋገጥ፡፡ አሮጌ ላስቲክ ተመልሶ ሲገባ ቤንዚን በትኩስ ሞተር ላይ ሊያንጠባጥብ ይችላልና ይህ የእሳት ጉዳይ ነው፡፡ ሦስተኛ፣ ዋጋው ለአራቱም መሆኑንና ፈቶ መግጠምን ማካተቱን ከሥራው በፊት መነጋገር፡፡

መቀየር ግድ ሲሆን በመለዋወጫ ሱቅ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይገኛል፤ አዲስ ኦሪጅናል፣ አዲስ ኮፒ፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ አሮጌ፡፡ ኮፒው ቢመስልም የሚረጨው መጠን ከሌሎቹ ሦስት ጋር ላይመጣጠን ይችላል፡፡ በሚገባ ታጥቦ የተለካ አሮጌ ኦሪጅናል አንዳንድ ጊዜ ካልተለካ አዲስ ኮፒ ይሻላል፡፡ በዕቃው አካል ላይ የተጻፈው ቁጥር ከወጣው ኖዝል ቁጥር ጋር መመሳሰሉን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አያዋጣም፡፡ ያልተስማማ ዕቃ የሚመለስበትን ውል በደረሰኝ ላይ ማጻፍም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል፡፡

የማይደረጉ ነገሮች

የካርቡራተር ዘመን ልማዶች በኖዝል ላይ ጉዳት ያደርሳሉ፡፡ የኖዝሉን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም፡፡ ኖዝሉን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ለረጅም ጊዜ መያዝ ጥቅልሉን ሊያቃጥል ይችላል፡፡

በቤንዚን መስመር ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግፊቱ መውጣት አለበት፡፡ ይህም የሚደረገው የፖምፓውን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ ከዚያም የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት ነው፡፡ ሲጋራ፣ ከሰልና የብየዳ ሥራ ከአካባቢው መራቅ አለባቸው፡፡ በናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ በግፊት የሚረጭን መስመር በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም፡፡ በዚያ ግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከማሳጣት ስለሚደርስ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፡፡

የባለቤቱ ድርሻ

ከጋራዥ በፊት ባለቤቱ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ፣ ብዙም ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ፡፡ ሰልባትዮው ከሩብ በታች ሲወርድ መቅዳት ይጠቅማል፤ ፖምፓው የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ስለሆነ በቀይ መብራት መንዳት ዕድሜውን ያሳጥራል፡፡ ቦቴ ገና ነዳጅ እያራገፈ ባለበት ማደያ ከመቅዳት ጥቂት መቆየት ይሻላል፤ በጉድጓዱ ግርጌ የተኛው ዝቃጭ የሚነሳው ያን ጊዜ ነውና፡፡ በጀሪካን መቅዳት የግድ ሲሆን ጀሪካኑ ለነዳጅ ብቻ የተለየ ይሁን፤ በጥሩ ማጣሪያ አጥልሎ፣ የግርጌውን ጭላጭ ትቶ መጨመር ያስፈልጋል፡፡ የናፍጣ መኪና ያለው ደግሞ በፊልትሮው ሥር ያለችውን የውኃ ማስወገጃ በየጊዜው ከፍቶ ማፍሰስ አለበት፡፡ መኪና ለወራት የሚቆም ከሆነ ሰልባትዮውን ሞልቶ ማቆምና ሲነሳም ያረጀውን ቤንዚን ከአዲስ ጋር ከማዋሃድ ይልቅ ማውጣት ይመረጣል፡፡

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው አንዲት ትንሽ ደብተር በመኪናው ኪስ ውስጥ ማኖር ነው፡፡ በተቀዳ ቁጥር ሊትሩና ኪሎ ሜትሩ ቢጻፍ፣ ሁልጊዜም ሰልባትዮው እስኪሞላ ቢቀዳ፣ መኪናው በሊትር ስንት እንደሚሄድ ይታወቃል፡፡ 12 የነበረው 11፣ ከዚያ 10 ሲሆን ደብተሩ ከቢጫው መብራት ቀድሞ ይናገራል፡፡ ደብተር የያዘ ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ ‹ከበደኝ› ሳይሆን ‹ከዚህ ቀን ጀምሮ በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር ጎደለብኝ› ብሎ ይናገራል፤ ሲወጣም ለከፈለው ገንዘብ የተመለሰለትን በዚያው ደብተር ይቆጥራል፡፡